ቼዝ፦ ጥቁር ኤፍ5 ባይገፋስ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አግዙኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ የቼዝ ቦርድ ዘርግቼ የቦትቪኒክንና (ነጭ) የካፓብላንካን (ጥቁር) የ1938 እ.ኤ.አ. የአቭሮ ውድድር ጨዋታ እያየሁ ነው።

ነጭ በ19ኛው እርምጃ ወታደር ወደ ኢ4 ቤት ገፍቶ የኤ4 ወታደሩን ለጥቁር ንግሥት ተወላት። መጨረሻው ይገባኛል። በ30ኛው ጳጳሱን ኤ3 ላይ ሰጠ፣ ቀጥሎ ፈረሱን ኤች5 ላይ ሰዋ፣ ኢ6 ያለችው ወታደር መንገድ ተከፈተላት። እንዴት ያምራል!

የጨነቀኝ መሃሉ ነው። ጥቁር በ22ኛው ኤፍ5 ገፍቶ በአንፓሳን (ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር ጎኑ ያለው የባላጋራ ወታደር አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ የሚበላበት ደንብ) ተበላበት። ዝም ብሎ ቢጠብቅስ? ነጭ ራሱ ኤፍ5 ቢገፋ ለአንድ ወታደር የሚበቃ ጥቃት ያገኛል? የጥቁር ፈረስ ቢ3 ላይ ከንጉሡ ርቋል፣ ይሄ ይታየኛል። ግን ተከታዩን መስመር ማስላት አቃተኝ። ኮምፒውተሩ ነጥብ ይሰጠኛል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳኝም። ሁለት ሦስት እርምጃ የሚያሳየኝ አለ?