ቀጣዩን ዳላይ ላማ ማን ይምረጥ?

ጠጠር፦ ወይ ጉድ! የሞተው ሕፃን ሆኖ ዳግም ይወለዳል ተብሎ የሚታመንባቸው የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ፣ ዳላይ ላማ፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው አራት ቀን ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2025፣ ከእሳቸው በኋላም ተተኪ እንደሚኖር ተናገሩ። ተተኪውን የመለየት ሥልጣን የጋደን ፎድራንግ ድርጅታቸው ብቻ ነው አሉ። ቤጂንግ ወዲያው ተነስታ «በወርቅ ማሰሮ ዕጣ ወጥቶ ማዕከላዊው መንግሥት ካላጸደቀው አይሆንም» አለች። አባላቱ ሃይማኖት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ኮሚኒስት ፓርቲ፣ ማን ዳግም እንደተወለደ ማኅተም ሊመታ!

ባለሚዛን፦ ሳቅ አንተ። ማሰሮው ግን የቆየ ሥርዓት ነው። ኮሚኒስቶቹ አልፈጠሩትም። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በ1793 ነው የደነገገው። የእጩዎቹ ስም ይገባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ አለቀ።

እቴሜቴ፦ «የቆየ ሥርዓት» አልክ? እንቁጠራ። ዳላይ ላማ የሚለውን ማዕረግ የሞንጎሉ አልታን ካን ለሦስተኛው የሰጠው በ1578 ነው። ማሰሮው ሲመጣ ስምንተኛው ላይ ተደርሷል። ስምንቱም ያለ ዕጣ ነው የተገኙት። ዘጠነኛውም፣ 13ኛውም፣ አሁን ያሉት 14ኛውም ማሰሮ አላዩም።

ባለሚዛን፦ እነዚህ ሦስቱ ከዕጣ ነፃ ይሁኑ ተብሎ ስለተፈቀደላቸው ነዋ። ፈቃጁ ማን ነበር? የቻይና መንግሥት።

ጠጠር፦ በ1912 የቻይና ጦር ከቲቤት ዋና ከተማ ከላሳ ወጥቷል። 14ኛው በ1940 ሲሾሙ ቲቤት ራሷን በራሷ ነበር የምታስተዳድረው። ፈቃዱን ማን ጠይቆ ማን ሰጠ? የቆየው ሥርዓት ይቅርና የአዲሱን ንገረን። በ2007 ትዕዛዝ ቁጥር 5 ብለው ያለ መንግሥት ፈቃድ ዳግም መወለድ አይቻልም ያሉትን።

ሰኞ ጠዋት፦ ቆይ፣ እኔ ያልገባኝ ሌላ ነው። ቡድሃ ዘላለማዊ ነፍስ የለም ብሎ አስተምሮ የለም እንዴ? ታዲያ የሚመለሰው ምንድን ነው? ሁለቱም ወገን በባዶ ነው የሚጣላው።

እቴሜቴ፦ የማይለወጥ «እኔ» የለም ነው የሚሉት። የሚቀጥል ነገር የለም አላሉም። ከአንዱ ጧፍ ሌላው ሲለኮስ እሳቱ ያው ነው ወይስ ሌላ? የራሳቸው የጥንት ምሳሌ ነው። ተራውን ሰው በሕይወቱ የሠራው ደግና ክፉ ሥራ ጎትቶ ዳግም ያስወልደዋል። እንደ ዳላይ ላማ ያለው ግን ሌላውን ለመርዳት ወዶ ይመለሳል ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት፦ ይሁን። ግን ስሪላንካና ታይላንድ ያሉ ቡድሂስቶች እንዲህ ዓይነት ሕፃን ፍለጋ የላቸውም። የቲቤቱን የሁሉም አታስመስሉት።

ጠጠር፦ ማን አስመሰለ? የቲቤቱንም ቢሆን አሠራሩን እዩት። በ1937 ታክትሰር የምትባል መንደር፣ የአሁኑ ዳላይ ላማ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳሉ፣ ቤታቸው መነኮሳት መጡ። አለቃቸው አገልጋይ መስሎ ነው የገባው። አንገቱ ላይ የሟቹ የ13ኛው መቁጠሪያ ነበር። ሕፃኑ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ «ስጠኝ» አለ። በኋላ መቁጠሪያ፣ ከበሮ፣ ምርኩዝ ከነአምሳያቸው ሲቀርብለት የሟቹን ለይቶ አነሳ ይባላል። እመን አትመን፣ የራሳቸው ነው።

ባለሚዛን፦ መቁጠሪያ የማይጎትት ሕፃን አሳየኝ። አራተኛው ዳላይ ላማ ደግሞ ማን ሆኖ ተገኘ? የዚያው የአልታን ካን የልጅ ልጅ ልጅ! አጋጣሚ በሉኛ። ፖለቲካው ያኔም ነበረ።

እቴሜቴ፦ እና ስለዚህ ካድሬ ይምረጥ? የ1995ቱን አስታውስ። ዳላይ ላማ የስድስት ዓመቱን ጌዱን ቾኪ ኒማን ፓንቼን ላማ፣ ማለትም ሌላው ዳግም ይወለዳል የሚባል ከፍተኛ የቲቤት መምህር፣ ነው አሉ። ከቀናት በኋላ ሕፃኑ ከነቤተሰቡ ተወሰደ። እስካሁን በአደባባይ አልታየም። በዚያው ኖቬምበር ላሳ ጆካንግ ቤተ መቅደስ ያንን ማሰሮህን አወጡና የራሳቸውን ልጅ ሾሙ። ፓንቼን ላማ ደግሞ ዳላይ ላማን በመለየት ድርሻ እንዳለው ታውቃለህ።

ባለሚዛን፦ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ በሰላም እየኖረ ነው ተብሏል።

ጠጠር፦ «ተብሏል»! አንድ ፎቶ አምጣ።

ዝምተኛው፦ የድሮዋን ቲቤት ገነት አታድርጓት። ገበሬው ለገዳምና ለባላባት ገባር ነበር። ይህን የሚያነሳ የለም።

እቴሜቴ፦ ርዕሱ እሱ አይደለም።

ዝምተኛው፦ መቼም ርዕሱ እሱ ሆኖ አያውቅም።

ጠጠር፦ ሰውየው በ2011 የፖለቲካ ሥልጣናቸውን በስደት ላለው፣ በምርጫ ለተሰየመ መሪ ለቀዋል። ሌላ ምን ያድርጉ?

ባለሚዛን፦ ከአገር ከወጡ ከ52 ዓመት በኋላ! በሌለ መንግሥት ላይ ሥልጣን መልቀቅ ቀላል ነው።

ጠጠር፦ ካልክስ፣ ላሳ ውስጥ ምርጫ መቼ ነው?