በበሽሎ ገደል አፋፍ ላለ የማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከል የወረዳ በጀት እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ

የምጽፍላችሁ ከደቡብ ወሎ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ ከሚያዘቀዝቅ አንድ የገጠር ቀበሌ ሲሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የመንደራችን ቅሬ (እድር) ድንኳኑንና ድስቱን ከሚያስቀምጥባቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን ስለለቀቀልን፣ ከቆላው እየወጡ የሚማሩ 34 ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጠኑበት ማዕከል ከፍተናል። ከልጆቹ አብዛኞቹ ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም እናቶቻቸው ወደ ዓረብ አገር ሄደው ከአያት ጋር የቀሩ ሲሆኑ፣ 3ቱ የማየት ወይም የመስማት ችግር አለባቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ደግሞ በመስከረም ውኃው እስኪጎድል ድረስ መሻገር ስለማይችሉ ትምህርት የሚጀምሩት ከሌሎቹ ሳምንታት ዘግይተው ነው።

በክፍሉ ውስጥ ያለው ንብረት አንድ የፀሐይ መብራት፣ 4 አግዳሚ ወንበርና ጥቂት መጻሕፍት ነው። አይጥ ስላስቸገረን መጻሕፍቱን በባዶ የእህል ጎታ ውስጥ ነው የምናኖረው። ባለፈው ጥቅምት ለወረዳው የድጋፍ ማመልከቻ አስገብተን «ማዕከሉ በመዋቅር ውስጥ ስለሌለ በጀት አይያዝለትም» የሚል መልስ ተሰጠን፤ ያውም በቃል። ለመሆኑ ወረዳ ለእንዲህ ያለ ማዕከል ገንዘብ መመደብ ይችላል? ከቻለስ ማንን፣ መቼና በምን መልክ እንጠይቅ?

መልስ፦ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ከነበሩ አባል፣ ወልድያ

መምህር፣ የተሰጠዎት መልስ ያላግባብ ያጠረ ቢሆንም በሂሳብ አሠራር በኩል ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ወረዳ ከክልሉ ጥቅል የበጀት ድጎማ ያገኛል፤ የራሱን ገቢ ጨምሮበት ለየመሥሪያ ቤቱ የሚደለድለው የወረዳው ምክር ቤት ስለሆነ ሥልጣን የለንም የሚል ሰው ቢገጥምዎት አይቀበሉት። እንቅፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከትምህርት ዘርፍ መደበኛ በጀት አብዛኛውን የሚወስደው የመምህራን ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈውም ጥቂት ገንዘብ የምትወጣው የበጀት መደብ ላለው ተቋም ብቻ ነው። ማዕከላችሁ መደብ የለውም፤ ትምህርት ቤታችሁ ግን አለው። ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ችሎ በቆመ ማዕከል ስም ሳይሆን ትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት በሚሰጥበት ተጨማሪ ክፍል ስም፣ በርእሰ መምህሩ ፊርማ አቅርቡት።

ሁለተኛው ስሕተት የወሩ ምርጫ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፣ በጥቅምት የጠየቃችሁት ሁሉም ድርሻውን ወስዶ ከተነሣ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድና በጀት ማዘጋጀት የሚጀምሩት በበጋ ስለሆነ፣ ጥያቄያችሁ ቢዘገይ ቢዘገይ መጋቢት ሳያልቅ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ እጅ ቢገባ ይሻላል። በዓመቱ መካከል የበጀት ዝውውር ወይም ተጨማሪ በጀት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ እሱን ተስፋ አድርጎ መቀመጥ ግን አያዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደመወዝ አትጠይቁ። አዲስ የሥራ መደብ የሚያስከፍት ጥያቄ ወደ ሲቪል ሰርቪስ መዋቅር ስለሚገባ ፋይሉ እዚያው ይተኛል። ይልቁንም መደርደሪያ፣ አግዳሚ፣ ባትሪ፣ ጠመኔ ብላችሁ በብዛትና በወቅቱ የገበያ ዋጋ ዘርዝሩ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል፤ ሆኖም እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት አንቀጽ ጠቅሶ በጀት ያገኘ አላየሁም፣ የዋጋ ዝርዝር አያይዞ ያገኘ ግን አይቻለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የጉድኝት ማዕከል (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በአንድነት የተደራጁበት) ሱፐርቫይዘር፣ ደላንታ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ሦስት ገጽ ሙሉ ልመና የተጻፈበት ማመልከቻ ይዤ ሄጄ በር ላይ ተመልሻለሁ፤ በማግስቱ ዓመት ያንኑ ጉዳይ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሳቀርብ ቢያንስ ተቀምጠን ተነጋግረንበታል። ከሠንጠረዡ ጋር የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ቃለ ጉባኤ፣ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ድጋፍ ደብዳቤና የሁለቱ ዓመታት የልጆች መቆጣጠሪያ ይያያዝ። ቅሬው የሰጠውን ክፍል በኪራይ ቢታሰብ ስንት እንደሚያወጣ፣ በደቦ የተሠራውን ደግሞ በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስልታችሁ «የማኅበረሰቡ ድርሻ» በሚል ዓምድ ውስጥ ብታስገቡት ምክር ቤቱ የሚጠየቀው የጎደለውን እንዲያሟላ ብቻ መሆኑ በግልጽ ይታያል። በመስከረም ወንዝ የሚያግዳቸው ልጆች ጉዳይ ከማንኛውም ምክንያት የበረታ ስለሆነ፣ ስንት ልጅ ስንት ቀን እንደቀረ ከስም መጥሪያው አውጥታችሁ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስፍሩት።

ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ምንጭም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች ሲሰጥ የቆየው፣ ብዙዎቻችን ስኩል ግራንት የምንለው ድጎማ የሚወጣው በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ መሠረት ነው። ዕቅዱ ሲዘጋጅ የእናንተ ክፍል ካልተጻፈበት በኋላ ማንም ሊያስገባው አይችልም። ለ3ቱ ልጆች ደግሞ በአቅራቢያችሁ ባለ ጉድኝት የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር የሚማሩበት) መርጃ ማዕከል መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ በየጊዜው ዕቃ መዋስ ትችላላችሁ።

መልስ፦ በሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ከምትሠራ አባል፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እኔ የማነሣው ስለ ልጆቹ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም «አባቱ የሞተ»፣ «እናቷ ዓረብ አገር ያለች» እያላችሁ በማመልከቻው ላይ አትዘርዝሩ፤ ያ ወረቀት በስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር አይታወቅም። በቁጥር ብቻ አስቀምጡት፣ ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ ፋይል ይቆለፍበት። ለደብተር፣ ለልብስና ለንጽሕና ዕቃ የትምህርት በጀትን መጠበቅ ሳያስፈልግ በቀበሌ ደረጃ የተቋቋመውን የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት አነጋግሩ፤ እህልም ሆነ ገንዘብ ሰብስቦ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ቀበሌያችሁ በሴፍቲኔት (ችግረኛ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ሥራ እየሠሩ ድጋፍ በሚያገኙበት ፕሮግራም) የታቀፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ አንድ የመማሪያ ክፍል ለመገንባት የማኅበረሰብ ሥራውን ጉልበት መጠቀም ይቻላል። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ስለሚከናወን፣ ግንባታው አስቀድሞ በቀበሌው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ጉልበቱ ድንጋይ ያመጣል እንጂ ቆርቆሮና ሚስማር አይገዛም፤ የወረዳውን የካፒታል በጀት ለዚያ ጠይቁ።

መልስ፦ ከአንድ የቅሬ ዳኛ፣ ወረኢሉ

መምህር ልጄ፣ አብሽር፣ ጉዳዩ መንገድ አለው። ግን በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ዕቃ በሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) ገቢ ከሆነ በኋላ የመንግሥት ንብረት ይሆናል፤ ያለ ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ከግምጃ ቤት አይወጣም። ይህ ክፉ አይደለም። ክፍሉ ግን የቅሬው ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ሳይገባ በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ለቅሶ በሚውልበት ቀን ልጆቹ የት እንደሚቀመጡና ትምህርት ቤቱ ነገ ቢለቅ የተሠራው መደርደሪያ ለማን እንደሚቀር በጽሑፍ ተዋዋሉ። እኛ ሳንዋዋል ቀርተን የአንድ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ቁልፍ ምክንያት ሊፈርስ ነበር።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመስከረምን መቅረት ከስም መጥሪያው ማውጣት ዛሬ ጀምሬያለሁ፤ የቅሬው ዳኞችም እሑድ ሊሰበሰቡ ተስማምተዋል። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፤ በበሩ ላይ «የመማሪያ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ በቀለም ጽፈናል። በተጨማሪ ክፍል ስም ስንጠይቅ ይህ ጽሑፍ እንቅፋት ይሆንብን ይሆን?

መልስ፦ ከወልድያው አባል

አይሆንም፤ የበጀት ባለሙያው የሚያየው ወረቀቱን ነው። በማመልከቻው፣ በቃለ ጉባኤውና በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ በሩን ቅሬው እንደወደደ ይጻፍበት።