ቆቃን ማን ከፈለው? ዓድዋ፣ ማይጨውና የውጭ ፖሊሲያችን

አዋሽ ዳር፦
ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ቆቃ ወርደን ዓሣ በላን። የአዳማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ነው። ዓሣው ተጠብሶ በትሪ ቀረበ፣ ዳጣው በጎን። አንዱ ጓደኛችን ጣቱን በሎሚ እየጠረገ ወደ ግድቡ ጠቆመና «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለ። አንዷ «ጃንሆይ» አለች። ሌላው «ጣሊያን» አለ። ክርክር ተነሳ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጣሊያን ለምን እንደከፈለ ግን ከስድስታችን የሚያውቅ ጠፋ። እኔም ያወቅኩት ማታ ቤት ገብቼ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ቆቃ የጦር ካሣ ነው። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ክፍያው ሲያጨቃጭቅ ከርሞ በ1948 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። በካሣው ግድቡ ተሠራ፣ በ1952 ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እዚህ ከተማ ስንቱ ቤት አምፖል ሲያበራ ይሄን ያውቃል?

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ዓድዋን በየዓመቱ የካቲት 23 እናከብራለን። እኔም ከልቤ አከብራለሁ። ማይጨውን ግን እንደ ቤተሰብ ገመና ሸፋፍነን እናልፈዋለን። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ዓድዋ ቀና ብለን እንድንሄድ አደረገን፣ ከዓለም ጋር እንዴት እንደምንኖር ያስተማረን ግን የ1928ቱ ሽንፈት ነው። ስለዚህ ሽንፈቱንም ከነምክንያቱ ለልጆች እናስተምር። የማትስማሙ ተከራከሩኝ።

ፍራንኮ ሰፈር፦
አልስማማም። በመጀመሪያ «ሽንፈት» የሚለው ቃል ይስተካከልልኝ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈታ፣ እሺ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፣ እሺ። አርበኛው ግን በየጫካው አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳው። በ1933፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። ይሄን ሽንፈት ብለህ ለልጅ ልታስተምር ነው?

ደግሞ ዓድዋ ስሜት ብቻ አይደለም። ጥቅምት 1889 ላይ ጣሊያን የውጫሌን ውል ሰርዞ ነፃነታችንን በፊርማው ተቀበለ። ወዲያው እነ እንግሊዝና ፈረንሳይ መልክተኛ ላኩ፣ ውል ተዋዋሉ። የውጭ ፖሊሲ ማለት ይሄ አይደል? ጡንቻህን ያላየ ማን ያነጋግርሃል?

የታሪክ መምህር፦
ፍራንኮ፣ ስለ አርበኞቹ ካልከው አንዲት ቃል አልቀንስም። ግን በዓድዋና በማይጨው መካከል 40 ዓመት አለ። ሁለተኛው ጦርነት አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዞ ነው የመጣው። ጀግንነት አልጎደለም፣ ዘመኑ ነው የተለወጠው።

እኛ መስከረም 1916 ላይ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆንን። ከተነካን ማኅበሩ ይደርስልናል ብለን አመንን። የሆነውን ተመልከቱ። ኅዳር 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ተነሳ። ጄኔቭ ድረስ አቤት አልን፣ ጉዳዩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲንከባለል ወራት አለፈ። በእነዚያ ወራት አንዳንድ መንግሥታት «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሊያን ግን መሣሪያውን ራሱ ያመርታል፣ ከውጭ የምንገዛው እኛ ነን። መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጅን ግን አላካተተም። ስዊዝ ካናልም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

ሰኔ 23 ንጉሡ ጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ንግግሩን ብዙ ሰው አደነቀ። ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሳ።

አሁን እኔን የሚደንቀኝን ልንገራችሁ። እንዲህ የተከዳ ሰው «ከእንግዲህ በማኅበር አላምንም» ቢል ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። በ1943 ቃኘው ሻለቃን ኮሪያ ላኩ። በየተራ ከ6 ሺህ በላይ ወታደር ዘመተ፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። አንዱ ሲወረር ሁሉም ይነሳ የሚለው ሕግ ለእኛ ሳይሠራ ቀረ፣ ለሌላው ግን ይሥራ ተባለ። በ1953 ከላይቤሪያ ጋር ሆነን በናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ፍርድ ቤት ከሰስን። በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። የዚህ ሁሉ ሥሩ ጄኔቭ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል እንኳ ያንን ጊዜ እየጠራ ነው። ሜክሲኮ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፣ አደባባዩ በስሟ የተሰየመው ለዚያ ውለታ ነው።

ካራማራ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎት። አባቴ በ1970 ካራማራ ላይ ነበር። እኛ ቤት የካቲት 26 ቡና ይፈላል። አባቴ የጓዶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ እኛ ዝም ብለን እንሰማለን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ሁሌም ድምፁ ይሰበራል።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ የደረሰልን የተባበሩት መንግሥታት አይደለም። አሜሪካ ፊቷን አዞረችብን። ደሙን ሊያፈስ የመጣው የኩባ ወታደር ነው። ታንኩን ያመጣው ሶቭየት ነው። ትምህርቱ ይሄ ነው፦ መሣሪያና ወዳጅ ከሌለህ ወረቀት አያድንህም።

አዋሽ ዳር፦
ለአባትህ ዕድሜ ይስጥልን። ግን ልጠይቅህ። ሶቭየት እስከዚያው ዓመት ድረስ ማንን ነበር ሲያስታጥቅ የቆየው? ዚያድ ባሬን። ወዳጅነቱ በአንድ ዓመት ተገለበጠ። በኋላ ጎርባቾቭ ሲመጡ ደግሞ ለእኛም ድጋፉ ሳሳ፣ በ1983 ደርግ ወደቀ።

ሌላም አለ። በ1956 የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ «በነፃነት ጊዜ የነበረው ድንበር ይከበር» ብለው ወሰኑ። ሶማሊያ አልተቀበለችም። ስለዚህ በ1969 ሲወሩን የአፍሪካ መንግሥታት ከጎናቸው አልቆሙም። ካራማራን ያስመለሰው ታንክ ነው። ዚያድ ባሬን በአፍሪካ ፊት ብቻውን ያስቀረው ግን ያ ወረቀት ነው።

ካራማራ፦
ወረቀቱን በግማሽ ተቀብያለሁ። አባቴን ግን በወረቀት አታሳምነውም።

የጅቡቲ መስመር፦
እናንተ ስለ 1928 ትከራከራላችሁ። ለእኔ ጦርነት ማለት 1990 ነው። ያኔ ተሳቢ እነዳ ነበር። ጭነት የማነሳው ከአሰብ ነው። ግንቦት ላይ በባድመ ጦርነት ተጀመረ፣ አሰብ ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሆነ። ጋላፊ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ረዳቴ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ሌላ ጥላ የለማ። ዛሬም በአዳማ የሚያልፈውን መኪና ቆማችሁ ብትቆጥሩት ከሞላ ጎደል ከአንድ ወደብ የመጣ ነው። ይሄ ከፖሊሲ ካልተቆጠረ ምን ይቆጠራል?

መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ውል ተፈረመ። ድንበሩን የሚለየው ኮሚሽን የሚወስነው የመጨረሻ ነው ተባለ። ሚያዝያ 1994 ኮሚሽኑ ወሰነ፣ ባድመ ለኤርትራ ሆነ። ውሳኔው ግን ዓመት ተቆጥሮ ዓመት ቢመጣ መሬት ላይ አልወረደም። ጄኔቭ ላይ «ውል ይከበር» ብለን ያለቀስን ሰዎች እዚህ ላይ ምን ሆንን?

የታሪክ መምህር፦
ጥያቄህ ከባድ ነው። ሙሉ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። ልጁን እዚያ የቀበረ አባት ነበር፣ አሁንም አለ። ለእሱ «ፊርማ ፊርማ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። መንግሥትም ያንን አባት ፈርቷል። ቢሆንም ያመነታነው በራሳችን ሙግት ላይ ነው። ጄኔቭ ላይ የጠየቅነውን ሌላው ሲጠይቀን እጃችን ተያዘ። አዋሽ ዳር፣ ማይጨው ይስተማር ካልክ ይሄም አብሮ ይስተማር።

ቦኩ፦
እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት ስለተናደድኩ ነው። «እኛ»፣ «እኛ» ትላላችሁ። የትኛው እኛ? አንዱ ቤት አያት አርበኛ ነበር። ሌላው ቤት ባንዳ ተብሎ የተሰደበ አያት አለ፣ ስሙ አይነሳም። ሌላው ቤት ደግሞ ገባር ነበር። ጣሊያን ሲገባ የገባር ሥርዓት ቀርቷል ብሎ አወጀ። ያንን አያት ጣሊያንን ወደደ ብላችሁ አትፍረዱበት። ጣሊያን ያወጀው ለራሱ ጥቅም ነው፣ መሬቱንም ለራሱ ሰዎች ሊያደርገው ነው። ግን የዚያ ሰው ትዝታ የናንተን አይመስልም።

የውጭ ፖሊሲም ላይ ስጋት አለኝ። ሁሌ ከጦርነት ብቻ ከተነሳን ጎረቤት በሙሉ ጠላት ይመስለናል። ሶማሌው በካራማራ፣ ኤርትራዊው በባድመ። እኔ ዕቃ የማመጣው ከጅግጅጋ ነው። ደንበኞቼ ካራማራን ያነሱብኝ አንድ ቀን የለም። የሚጠይቁኝ የዱቤዬን ቀን ነው።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ቦኩ፣ እህቴ፣ አያቴ አርበኛ ስለነበር የገባሩን ነገር አስቤው አላውቅም። ይሄን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። ግን ባንዳነት ላይ አልለዝብም። ይቅርታ።

ቦኩ፦
አትለዝብ። ስማኝ ብቻ።

አዋሽ ዳር፦
መምህር ያሉትን ተቀብያለሁ፣ ባድመም ይስተማር። ቦኩ ግን የኔን ሐሳብ ጥሩ አድርጋ ነቀነቀችው። «ሽንፈቱን እናስተምር» ስል አንድ ሽንፈት፣ አንድ ቤት መስሎኝ ነበር። ሆኖም አቋሜን አልለቅም። ድል ብቻ የሚነገረው ልጅ ሲያድግ «ለብቻችን እንችላለን» ይላል። በ1928 ለብቻችን ነበርን። ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ይወቅ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። እሑድ በተቀመጥንበት በኩል ግድቡ የጦር ካሣ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አላየሁም። ቢኖር አላየሁትም። አንድ ሰሌዳ እንዲቆም ለከተማው ማመልከቻ እናስገባ። ምን ይጻፍበት?

ፍራንኮ ሰፈር፦
«የአርበኞች ደም ያስከፈለው» ተብሎ ይጻፍ።

የታሪክ መምህር፦
ዓመቶቹ ይጻፉ። 1928፣ 1933፣ 1939፣ 1952። ልጅ ቆሞ «በመካከሉ ምን ሆነ?» ይበል።

ካራማራ፦
እኔ ከፍራንኮ ጋር ነኝ።

ቦኩ፦
ውኃው የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። ከብት የሚጠጣበት፣ ሰው የሚኖርበት ነበር። የእነሱም ይጻፍ፣ አለበለዚያ እኔ ማመልከቻው ላይ አልፈርምም።

አዋሽ ዳር፦
እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው ዓሣ ቤት እንገናኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ቦኩ፣ የመጀመሪያውን መስመር አንቺ ትጽፊያለሽ።