በመከራ ጊዜ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘት ከየት ይጀመራል?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለልማት ሲነሣ ከጎረቤቶቻችን ተለያይተን ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባን። በዚያው ዓመት የእናቴ ኩላሊቶች ሥራ አቆሙና፣ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ እጥበት ታደርጋለች። እኔ ካዛንቺስ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በእነዚያ ቀናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ እናቴን ሐኪም ቤት አድርሼ ቢሮ እገባለሁ፤ ማታ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ እመለሳለሁ። ደመወዜ ለእጥበቱ፣ ለመድኃኒቱና ለሁለት ልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ አልበቃ ካለ ሰንብቷል።

ጥያቄዬ ግን ስለ ገንዘቡ አይደለም። ባለፈው እሑድ በአጥቢያችን መዝሙር እየተዘመረ ሳለ መሪው «ፊታችሁ ላይ ደስታ ይታይ!» አለ። ቅን ሰው ነው፤ በክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ። እኔ ግን እጄን ማንሣት አቃተኝ፤ ቀና ብዬ ማየትም አልቻልሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የተከሰስሁ ይመስለኛል። እግዚአብሔርን አልካድሁም፤ ጸሎትም አልተውሁም። ደስታ ግን የለኝም። ደስታ ማጣት እምነት ማጣት ነውን? በእንዲህ ያለ ጊዜ በእግዚአብሔር ደስ የተሰኘ ሰው ካለ፣ ጥቅስ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደኖረው ቢነግረኝ እወዳለሁ።

ወንድም ከአምስት ኪሎ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እኅቴ። በአጥቢያችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስለምመራ ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል። በፊልጵስዩስ 4፥4 የተጻፈው ቃል ትእዛዝ መሆኑን ልሸፍንልዎ አልወድም። ይሁን እንጂ አዛዡ ማን እንደሆነና ከየት ሆኖ እንዳዘዘ ማየት ይገባል። ጳውሎስ ያንን መልእክት የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ ሁለት ላይ ወዳጁ አፍሮዲጡ ታምሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበረ ካወሳ በኋላ፣ እግዚአብሔር የማረው «በኀዘን ላይ ኀዘን» እንዳይጨመርብኝ ብሎ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፤ በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ የሚል ሰው ቀድሞም ኀዘን ነበረው ማለት ነው። ደስ ይበላችሁ ብሎ የሚያዝዘው ሐዋርያ በዚያው ወረቀት ላይ ማዘኑን አልደበቀም። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሲጽፍ ራሱንና ባልንጀሮቹን ኀዘንተኞች ሆነው ሳለ ዘወትር ደስ የሚላቸው አድርጎ ይገልጻል። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ከቻሉ፣ የእርስዎ ማዘን በእምነትዎ ላይ እንደ ምስክር ሊቆም አይችልም።

የሒሳብ ሠራተኛ መሆንዎን ስላነበብሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያዕቆብ በመልእክቱ መጀመሪያ ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቁጠሩት ሲል ቃሉ «ቁጠሩት» ነው። ኪሳራን ትርፍ ብሎ መመዝገብ ማጭበርበር እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያዕቆብም የእናትዎን ሕመም መልካም ነገር ነው በዪ አላለም። ወረድ ብሎ ምክንያቱን ሲሰጥ፣ የእምነት መፈተን ትዕግሥትን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ደስታ ተብሎ የሚቆጠረውም ከፈተናው የሚወጣው ፍሬ ነው። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም።

ዲያቆን ከአራዳ፦

እኅቴ ሆይ፣ የአምልኮ ሥርዓታችን ቢለያይም የጠየቁት ነገር የሁላችንም ነውና የበኩሌን ልበል። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድም የተናገሩትን አልቃወምም፤ ሆኖም ጉዳዩን በትእዛዝ በኩል ብቻ ከያዝነው የደከመ ሰው ይበልጥ ይደክማል ብዬ እሰጋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሳችን ቋንቋ። በአማርኛ «ደስ ይለኛል» የምንለው «ይርበኛል»፣ «ይበርደኛል» እንደምንለው ነው። ደራሹ ሌላ ነው፤ እኛ የሚደርስብን ነን። ብርድን ማንም ሰው ፈልጎ እንደማያመጣው ሁሉ፣ ደስታንም ከራስ ፈልቅቆ ማውጣት አይቻልም። በግሪኩ ቃሉ በትእዛዝ አንቀጽ እንደተጻፈ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን «ደስ ይበላችሁ» ሲሉ ቃሉ ከትእዛዝነቱ ጋር የምርቃትም ጣዕም አግኝቷል፤ ይህም የሚያሳዝን አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነገር ስለ ዳዊት መድገም ነው። መዝሙረ ዳዊት እኛ ዘንድ ከዳር እስከ ዳር ይጸለያል፤ ለስሜታችን የሚስማማውን እየመረጥን አንዘልልም። በመሆኑም በመዝሙር 87፣ በእናንተ መጽሐፍ 88 በሚሆነው፣ ማለፍ ግድ ነው። ይህ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ በሌሎች የልቅሶ መዝሙራት እንደምናገኘው «እኔ ግን አመሰግንሃለሁ» የሚል መመለሻ እንኳ የለውም፤ ጸሐፊው ወዳጆቹና ዘመዶቹ እንደራቁት ተናግሮ ዝም ይላል። ይህ መዝሙር ከጸሎት መጽሐፍ አለመውጣቱ እኔን ያጽናናኛል። በእንዲህ ያለ ቃል የሚጸልይ ሰው አሁንም ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አዙሮ ቆሟልና።

ከመዝሙራቱ በኋላ በዚያው መጽሐፍ ጸሎተ ነቢያት ይከተላሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የዕንባቆም ጸሎት ነው። ዕንባቆም በመጀመሪያ የጎደለውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጎቹን፣ ላሞቹን። ይህ የአንድ ገበሬ ቤት ሙሉ ንብረት ነው። «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ያለው ዝርዝሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት ብዙ ሰዎች የሚቸገሩት ዝርዝሩን ዘልለው «እኔ ግን» ወደሚለው ለመድረስ ስለሚሞክሩ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ዝርዝር አስቀድመው ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ የፈረሰውን ቤት፣ የተበተኑትን ጎረቤቶች፣ የእናትዎን ኩላሊት፣ ያልበቃውን ደመወዝ ሁሉ።

የመጨረሻው ነገር፣ ለፋሲካ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ተብሎ ሲታወጅ የአዋጁ መዝጊያ «እምይእዜሰ ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ነው፤ ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። «ተደሰትሁ» አይልም፤ «ሆነ» ይላል። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ ሰንብቶ ጉልበቱ የዛለ ሰውም፣ በዚያው ሳምንት ልጁን የቀበረ አባትም ያንኑ ቃል ይቀበላል፤ ደስታው አስቀድሞ የተደረገ ነገር ነውና በዚያ ሌሊት በሚሰማው ስሜት ላይ አልተመሠረተም። ደግሞም ካህኑ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል እንጂ አዋጁን አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም።

የሰባ ደረጃ እናት፦

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ዓይኔ ደክሟል። ሁለቱ ወንድሞች የተናገሩት መልካም ነው፤ ነገር ግን «እንዴት እንደኖረው ቢነግረኝ» ብለሽ ጠይቀሽ የኖረውን የነገረሽ የለም።

እኔ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። በ1974 ዓ.ም. የጸሎት ቤቶቻችን ሲታሸጉ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርሁ። ያን ጊዜ አባላቱ ወደ 5,000 የሚጠጉ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. እንደገና በግልጽ መሰብሰብ ሲቻል ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ሰዎች ይህንን ቁጥር ሲያነሡ በዓመታቱ ሁሉ ስንዘል የኖርን ይመስላቸዋል። እንደዚያ አልነበረም። በየቤቱ አምስትም ስድስትም ሆነን፣ ተራ በተራ እየገባን፣ ጎረቤት ቡና የተጠራን እንዲመስለው ጀበናውን ጥደን እንሰበሰብ ነበር። መዝሙር የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር ፊት ላይ ደስታ አያሳይም ልጄ! አንዳንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ መዘመር ያቅታትና ታለቅሳለች፤ ሌሎቻችን እንዘምርላታለን። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ነበርሁ የማለቅሰው። ደስታውን በተራ እንሸከመው ነበር ብል ይሻላል። ባለቤቴ ሲሞትም ለስምንት ወር ያህል አንድ መዝሙር ከአፌ አልወጣም፤ እኅቶች እየመጡ ቤቴ ውስጥ ይዘምሩ ነበር፤ እኔ ቡናውን አፈላለሁ፤ ያ ብቻ ነበር አምልኮዬ።

ደግሞ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው» የሚለውን ቃል ሁሉም ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ከፊቱ ያለውን ግን አያነብበውም። በነህምያ ምዕራፍ ስምንት ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምተው ሲያለቅሱ፣ ሂዱ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩለት ተባሉ። ደስታው ከተላከው ድርሻ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ያልተዘጋጀላት አንቺ ነሽ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በአጥቢያሽ ስለ ሐሙሱ የሚያውቅ ሰው አለ? እድርሽ ሰፈሩ ሲነሣ እንደተበተነ እገምታለሁ፤ የእኛም የተረፈው በስልክ ብቻ ነው። ለኅብረትሽ መሪ ደውዪና «አንድ ሐሙስ እናቴን የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ» በዪ። ኀፍረት ይሰማሻል፤ እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ደውዪ። ያ ፊታችሁ ላይ ደስታ ይታይ ያለው ልጅ መኪና ካለው ደግሞ እሱኑ ጠይቂው።

ነርስ ነኝ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ ቀድሞ ይወዱት የነበረውን ነገር ሁሉ የሚያደበዝዝ ኀዘን ከሆነ፣ ሐኪም ማማከር ከእምነት ጋር አይጋጭም። አስታማሚዎች በሽተኛውን ይዘው ሲመጡ ስለ ራሳቸው ጤና የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም። እናትዎን ሲያደርሱ የራስዎን የደም ግፊትም ያስለኩ፤ በሕይወት መኖር አስጠልቶዎት ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገሩ።

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መኖር አላስጠላኝም፤ እንቅልፍ ግን በእርግጥ የለኝምና የነርሷን ምክር ተቀብያለሁ። እማማ፣ ትናንት ደወልሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። የኅብረታችን መሪ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» ብላ ተቆጣችኝ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ እርሷ ራሷ ትወስዳታለች። ደስታ ይህ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም፤ ነገር ግን ማታ ታክሲ ስጠብቅ ትከሻዬ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ሳቀችና ቡና አፍዪ አለችኝ። ፈሳሽ ስለተመጠነላት ግማሽ ሲኒ ብቻ ጠጣች።

ዲያቆን፣ ዝርዝሬን ጽፌዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ሆነ። መዝሙረ ዳዊትን እንደ እናንተ ሳልዘልል ልጸልየው አስቤአለሁ፤ ከየትኛው ቀን መጀመር ይሻለኛል?

ዲያቆን ከአራዳ፦

በተለመደው አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ ጸሎተ ነቢያት እሑድ ነው። ከሥራ ጋር ይህ ሁሉ ስለማይቻልዎ ከየቀኑ ድርሻ ሁለት ወይም ሦስት መዝሙር ቢይዙ ይበቃል። እንደሚያዩት መዝሙር 87 የሚውለው በሐሙስ ነው፤ እናትዎ ከእጥበት እስኪወጡ ድረስ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሊያነቡት ይችላሉ። ዕንባቆም እሑድ ይጠብቅዎታል።