ለድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ መጠባበቂያ መብራት የተክል ዘይት ነዳጅ ያዋጣል ወይ?

የሳቢያን ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከከተማችን ወጣ ሲባል ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ግጦሹን ሁሉ ውጦታል፤ ፍሬያቸው ዘይት የሚሰጠው ጃትሮፋና ጉሎም በደረቅ መሬት ላይ ይበቅላሉ። ናፍጣ ግን በቦቴ ተጭኖ ከጅቡቲ ነው የሚመጣልን። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ፣ ከእነዚህ ተክሎች በሚገኝ ነዳጅ የሚሠራ 200 ኪሎዋት ያህል ማመንጫ ለአውሮፕላን ማረፊያችን ቢተከል ያዋጣል? ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ከነዳጁ በፊት ሰዓቱ ይታይ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 14 የተባለው የአውሮፕላን ማረፊያዎች ደንብ በአቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ እየታገዙ ለሚታረፍበት መንደርደሪያ የጠርዝ መብራቱ ኃይል በተቋረጠ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲመለስ ይጠይቃል። ፕሮሶፒስን ወደ ጋዝ የሚለውጥ ምድጃ ደግሞ ሞቆ ንጹሕ ጋዝ እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ደቂቃ ስለሚፈጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚቀረው ፈሳሽ ነዳጅ ነው።

ጄኔሬተር ጠጋኝ፦
ከፈሳሹም ጉሎን ተዉት፤ ዘይቱ እጅግ ወፍራም ነው። የጃትሮፋ ዘይት በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ታክሞ ባዮዲዝል የሚባለው ነዳጅ ከሆነ ግን ሞተሩ ያለ ብዙ ለውጥ ይቀበለዋል። ችግሩ የመጠባበቂያ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ መዋሉ ነው፦ ባዮዲዝል ውሃ ይስባል፣ በእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። አንድ ጊዜ ያረጀ ጋን ሳይታጠብ ባዮዲዝል ሞልተውበት ተጠርቼ ነበር፤ ነዳጁ የዓመታቱን ዝቃጭ አንሥቶ ፊልትሮውን ስፈታው እንደ ጥቁር ቅባት እጄ ላይ ተዝለገለገ። ሞተሩ በተነሣ በአራተኛው ደቂቃ ነበር የጠፋው።

የሳቢያን ልጅ፦
ታዲያ ቆሞ ከመዋል በየቀኑ ቢሠራስ?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ነዳጁ ስለሚታደስ ያ ይሻላል፤ ሆኖም ሒሳቡን እንሥራው። 200 ኪሎዋት በሙሉ ጭነት በሰዓት ወደ 55 ሊትር ይፈጃል፣ 24 ሰዓት ሙሉ ከሠራ በቀን ወደ 1,300 ሊትር ማለት ነው። ለአንድ ሊትር ዘይት አራት ኪሎ ያህል ፍሬ ስለሚጨመቅ የአንድ ቀን ቀለብ ከ5 ቶን ያልፋል፤ ይህን በየዕለቱ የሚለቅም ሰው ደግሞ አይገኝም።

ጄኔሬተር ጠጋኝ፦
እኔ ብሆን ጋኑን አጥቤ በናፍጣው ላይ 20 በመቶ ባዮዲዝል ብቻ እቀላቅል ነበር። በየሳምንቱ በጭነት ላይ እያስነሣሁ፣ ከጋኑ ሥር ውሃውን እያፈሰስኩ፣ ፊልትሮም በመለዋወጫነት አጠገቡ አስቀምጣለሁ።