ትልቁን ፓምፕ ከመግዛታችን በፊት፦ የብሎካችን የውሃ ግፊትና የቦይለር ዕቅድ (ረቂቅ ለውይይት)

የብሎኩ ፀሐፊ፦
እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶች። ባለፈው ስብሰባ የፓምፑ ጉዳይ ሳይቋጭ ተበተንን። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርስ። መነሻዬ ይህ ነው፦ ከጣሪያው ሮቶ በሚወርደው መስመር ላይ አንድ ጠንካራ ፓምፕ ይገጠም፣ ወጪውን ሁሉም ቤት እኩል ይክፈል። ሮቶውም ጣሪያውም የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤታችን ውጭ ያለውን የጋራ ነው ይለዋል። ስለዚህ ያለ ጉባኤ ውሳኔ ማንም አይነካውም። እስኪ አርሙት።

4ኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ፦
እኔ በሁለት እጄ እደግፋለሁ። እኛ ጋ ከሻወር የምትወርደው ውሃ ክር ናት። ቦይለሩ ያሞቃል፣ ችግሩ ሙቁ አይገፋም፤ ለማመጣጠን ቀዝቃዛውን ትንሽ ስከፍተው ሙቁ ጭራሽ ይቆማል። ልጆቼን በጆግ ነው የማጥበው። በዚያ ላይ ውሃ በጠፋበት ሰሞን ሬዚስታንሱ (የቦይለሩ ማሞቂያ ብረት) ተቃጠለብኝ፣ ገና አዲስ ነበር እኮ።

ምድር ቤት፦
እትዬ፣ ችግርዎ ይገባኛል፣ እግዜር ያሳያችሁ ውሃ የሌለበት ሻወር ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። ግን እኛ ታች ያለን ሰዎች ግፊት አንሶን አያውቅም። ትልቅ ፓምፕ ሲነሳ ዱላው የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። የሽንት ቤቷ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ሌሊት ብትፈነዳና ቤቱ ቢጥለቀለቅ ማን ይጠየቃል? ይህ ካልተመለሰ አልፈርምም።

3ኛ ፎቅ (የቧንቧ ሥራ የምሠራው)፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ይዤ ለክቻለሁ። 4ኛ ፎቅ ሻወር ላይ 0.3 ባር፣ ምድር ቤት 1.5 ባር ነው። ምስጢር የለውም፦ ውሃ በከፍታው ልክ ነው የሚገፋው፣ 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ይሰጣል። ሮቶው ከ4ኛ ፎቅ ሻወር በላይ 3 ሜትር ገደማ ነው፣ ከምድር ቤት ግን ወደ 15 ሜትር።

አሁን ፀሐፊው እንዳሉት ሁሉንም የሚገፋ ፓምፕ እንግጠም እንበል። የተለመደው ፕሬዠር ስዊች (ፓምፑን እንደ ግፊቱ የሚያስነሳና የሚያጠፋው ማብሪያ) ከፋብሪካ ሲመጣ በ1.4 ባር ያስነሳል፣ በ2.8 ያጠፋል። 4ኛ ፎቅ 3 ባር አካባቢ ያገኛል፣ ደስ ይላል። ምድር ቤት ግን 4.3 ይደርሳል። ደህና ቧንቧ ይችለዋል። የቆየ ፍሌክሲብልና በቴፍሎን ተጠጋግኖ የኖረ መገጣጠሚያ ግን ላይችለው ይችላል፤ ፓምፑ በተነሳና በጠፋ ቁጥር የማኖሜትሯ መርፌ ዘላ ስትመለስ ቆሜ ስላየሁ ነው የምለው።

የእትዬ ሬዚስታንስ የተቃጠለው ግን በቮልቴጅ አይመስለኝም። ውሃ ሲጠፋ ታች ያለ ሰው ሩቢኔት ይከፍታል፣ መስመሩ ወደ ታች ይስባል። ቦይለሩ መግቢያ ላይ ያለው ኖንሪተርን (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው) ቆሻሻ ይዞት ካልዘጋ፣ የላይኛው ቤት ቦይለር ውሃውን በመጣበት ይመልሰዋል። ሰውየው ቦይለሬ ሙሉ ነው ብሎ ማብሪያውን ይጫናል፣ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይነዳል። ስለዚህ ፓምፕ ብቻ ብንገዛ ውሃ በፈረቃ እስከመጣ ድረስ መቃጠሉ አይቀርም።

2ኛ ፎቅ፦
ወንድሜ፣ ኖንሪተርን የምትለው ያቺ ከቦይለሩ ሥር ያለችው፣ ማንሻ ያላት የነሐስ ነገር ናት? የኛ ቦይለር ሲሞቅ ሁሌ ትንጠባጠባለች። ከዚህ በፊት የመጣ ሠራተኛ አፏ ላይ ጎማ ከትቶ በሽቦ አስሮልናል። ቆመ እኮ።

3ኛ ፎቅ (የቧንቧ ሥራ የምሠራው)፦
ኧረ እህቴ! ዛሬውኑ ማብሪያውን አጥፊና አስፈቺው፤ ከፈለግሽ እኔው መጥቼ እፈታዋለሁ። እሷ ትርፍ ግፊት የምታስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ ናት፣ ኖንሪተርኑም እዚያው ውስጥ ነው ያለው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ሲሞቅ ወደ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል። ኖንሪተርኑ ወደ ኋላ አያስመልሰውም፣ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ያ ትርፍ በጠብታ የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው። ሥራዋን ነው የምትሠራው። ቀዳዳዋ ከተደፈነ፣ አንድ ቀን ሙቀቱን የሚቆርጠው ቴርሞስታትም ከተበላሸ፣ ማቆሚያ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በግፊት ታምቆ ግን ሳይፈላ ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ በርሜሉ የተሰነጠቀ ዕለት ያ ሁሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። ጠብታው የሚያስቸግር ከሆነ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ፍሳሽ ማውረድ ነው፣ የቱቦው ጫፍ ግን ክፍት ይሁን። ሳይሞቅም የምትንጠባጠብ ከሆነ ወይ ግፊቱ በዝቷል ወይ ውስጧ ቆሻሻ ገብቷል፣ ያኔ ትቀየር።

1ኛ ፎቅ፦
ይህ ዕቅዱ ውስጥ ካልገባ ዕቅዱ ዋጋ የለውም። ሌላም ይግባ፦ አንዳንድ ቤት ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚስብ የግል ፓምፕ አለ። ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧውን ሲመጥጠው ስንጥቅ ባለበት ሁሉ የአፈር ውሃና ፍሳሽ ይገባል፣ እሱን ነው ለልጆቻችን የምናጠጣው። ከሮቶ እንጂ ከመስመር መሳብ ይከልከል። የገንዘቡም ነገር እኩል አይሆንም። ለኔ የማይጠቅመኝን ፓምፕ ለምን እከፍላለሁ?

4ኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ፦
ሮቶውን ስንገዛ እኛ ላይ ያለነውም እኩል ነው ያዋጣነው፣ ውሃው ግን ታች ነው ደህና አድርጎ የሚደርሰው። እሱም ይታሰብ። የፓምፑን መብራት ክፈሉ ካላችሁን ግን እሺ።

ምድር ቤት፦
እሱ እውነት ነው። መብራቱን የሚጠቀመው ከከፈለና እኛ ጋ ያለው ግፊት ካልተነካ የፓምፑን ግዢ ከማህበሩ ካዝና እቀበላለሁ።

የብሎኩ ፀሐፊ፦
የመጀመሪያውን ሐሳቤን አነሳሁ። አዲሱ ረቂቅ፦

«ከሮቶው ለ3ኛና ለ4ኛ ፎቅ ብቻ የተለየ መስመር ተዘርግቶ አነስተኛ ፓምፕ፣ ግፊቱን በአየር ከሚይዝ የግፊት ታንክ ጋር ይገጠምለት፤ ስዊቹ ከ2 ባር በላይ እንዳይሄድ ይስተካከል፣ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም ይኑረው። ከ2ኛ ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ቤቶች እንደ እስከዛሬው በሮቶው ክብደት ይጠቀሙ። ፓምፑንና መስመሩን ማህበሩ ይግዛ፣ መብራቱን ሁለቱ ፎቆች ይክፈሉ። ፓምፑ ከመከፈቱ በፊት የእያንዳንዱ ቤት ሴፍቲ ቫልቭ ይታይ፤ የተደፈነ ይከፈት፣ ያረጀ በባለቤቱ ወጪ ይቀየር። ከዋናው መስመር በቀጥታ መሳብ ይከልከል።»

3ኛ ፎቅ (የቧንቧ ሥራ የምሠራው)፦
ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። የግፊት ታንኩ አየር ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ያህል ዝቅ ብሎ ይሞላ፣ ያለበለዚያ ሩቢኔት በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ ሲነሳ ሲጠፋ ቶሎ ያልቃል። ይህ የሚለካው በመኪና ጎማ አየር መለኪያ ነው፣ ታንኩ ውስጥ ውሃ በሌለበት። ሌላው፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሙቁን ሩቢኔት ከፍታችሁ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ቦይለር የሚበራው። ይህ ሁለተኛው ተጽፎ በየቦይለሩ ማብሪያ አጠገብ ይለጠፍ።

2ኛ ፎቅ፦
የኛው ተፈትቷል፣ ቱቦ ገብቶለታል። ቫልቭ የሚያየው ማን ነው? አረጋውያን ያሉበት ቤት ራሳቸው ሊያዩት አይችሉም።

የብሎኩ ፀሐፊ፦
«ማህበሩ በሚመድበው ባለሙያ ይታይ» ብዬ አስገባዋለሁ፣ የባለሙያው ክፍያ ከካዝና። የምድር ቤትም የ4ኛ ፎቅም ስምምነት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ማታ ይጻፍ፤ ከሌለ በዚሁ ለጉባኤው ይቀርባል።

ምድር ቤት፦
አንድ ማኖሜትር እኛ ፎቅ መስመር ላይ ቋሚ ሆኖ ይገጠም የሚል ጨምሩበትና ፈርሜያለሁ።