ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ምን ከየት ይገዛል፣ ምንስ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ጎንደር አንድ የግል ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ተመድቤያለሁ። እንግሊዝኛና አካባቢ ሳይንስ ይዣለሁ፤ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ዕቅድ፣ መርጃ መሣሪያ፣ ጉብኝት ላይ የምታውቁትን ጠቁሙኝ። ምን ልግዛ፣ ምን ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መልካም የሥራ ዘመን ይሁንልሽ። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል።

ከእንግሊዝኛው ልጀምር። ፒያሳና አራዳ ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ከውጭ በመጡ ፖስተሮችና ፍላሽ ካርዶች ተሞልተዋል። ያምራሉ፣ እኔም የመጀመሪያ ደመወዜን ግማሽ እዚያ አፍስሻለሁ። ከዚያ «አይ» የምትለዋን ፊደል ላስተምር ኢግሉ የሚባል የበረዶ ቤት ሥዕል ሰቀልኩና 40 ደቂቃዬ ሰው በረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር በአማርኛ ሳስረዳ አለቀ። አሁን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼ፣ ቀድጄ፣ አጥቤ በማርከር እሥልበታለሁ። በሬ፣ ሞሰብ፣ ባጃጅ፣ ጃን ተከል ዋርካ። ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አይቀደድም። ፖስተሩ ግን ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ጠርዙ አልቆ ታገኚዋለሽ።

አንድ ነገር ግን በሥዕል አይታረምም። ልጆቻችን «እስኩል»፣ «እስፖርት» ይላሉ፤ አፋችን በአማርኛ ስለተፈታ ቃል በ«ስ»ና በሌላ ተነባቢ ሲጀምር «እ» እናስቀድምለታለን። እኛ መምህራኑም እንዲሁ ነን፣ አንተዛዘብ። ስለዚህ ገንዘብ ካለሽ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ባለ ባትሪ ትንሽ ስፒከር ግዢበት። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተር ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ አንቺ ታስደምጫለሽ።

ለኅትመት የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የተማሪ ደንበኛ ስላላቸው በብዛት ስታሠሪ ይቀንሱልሻል፤ ፒያሳ ያሉት በቀለም ኅትመት ይሻላሉ። ፈተና ሰሞን ሁለቱም ጋ ወረፋ ነው። አንድ ቤት፣ ስሙን ልተወውና፣ የፈተና ወረቀቴን ኮምፒውተሩ ላይ ሳያጠፋ ትቶት ጠዋት ልጆቹ መልሱን ይዘው ጠብቀውኛል። ፍላሽሽን ነቅለሽ ብቻ አትሂጂ፤ ፋይሉን ፊትሽ አስጠፊ።

ታሪክ ላይ ጎንደር መሆንሽ ዕድል ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ታሪክ ራሱን ችሎ የሚመጣው 9ኛ ክፍል ነው፤ አንቺ በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ነው የምታስገቢው። የፋሲል ግቢን ጉብኝት እንደ ሽርሽር አትያዢው። ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ምዘና ብለሽ እንደማንኛውም ክፍለ ጊዜ አቅጂው። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ቀድመሽ ሂጂ፤ በጥገና ምክንያት የተዘጋ ክፍል ካለም ያኔ ጠይቂ። አስጎብኚ በሩ ላይ ካሉት ባለ ፈቃዶች ያዢና ከመግባትሽ በፊት «ሦስት ሕንፃ ብቻ፣ ለልጅ በሚገባ አማርኛ» በይው። ካላልሽው የነገሥታቱን ዝርዝር ከፋሲለደስ እስከ መጨረሻው ይወርደዋል፣ ልጆቹም ካብ ላይ ይወጣሉ።

የእኔ ሦስቱ፦ የፋሲል ግንብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ። የኢያሱን የምወደው ጣሪያ ስለሌለው ነው። «ማን አፈረሰው?» ብለሽ ብትጠይቂ ልጅ ሁሉ «ጣልያን» ይላል። የመሬት መንቀጥቀጥም ጎድቶታል፤ በኋላ ጣልያን ግቢውን ጦር ሰፈር አድርጎት ሳለ የደበደበው የእንግሊዝ አውሮፕላን ነው። ጣልያን እዚህ ጎንደር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። መልሱ ያልጠበቁት ስለሚሆን አይረሱትም።

ስለ ቁጥር ተጠንቀቂ። አስጎብኚው ከተማዋ በ1636 ተመሠረተች ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 1628 ነው። ልጆቹ አንዱ ተሳስቷል ብለው ይጣላሉ። እኔ ጭቅጭቁን ራሱን የሒሳብ ጥያቄ አድርጌዋለሁ።

ሃይማኖትን በተመለከተ ሁለቱን ቦታ አትቀላቅዪ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ ክፍል ውስጥ ያለሽ ግብረ ገብ ነው። የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም ያደገው ልጅና ቀሃ ኢየሱስ ሥር ያደገው አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ምሳሌሽን ስትመርጪ ሁለቱንም አስቢ። አንዱ ዳዊት፣ አንዱ ቁርኣን የሚቀራ ስለሆነ ሁለቱም በቃል መያዝን ከእኛ በፊት ለምደዋል፤ እኔ ለእንግሊዝኛ ግጥም ይህንን ነው የምጠቀምበት።

ለእሑዱ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዘሻቸው ሂጂ። ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ቁጠሩ በያቸው፤ ከመቶ በላይ ስለሆኑ ሁለት ልጅ እኩል አይቆጥርም፣ ግን ሁሉም ቀና ብሎ ያያል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይሄኛው መትረፉን፣ ንቦቹ ጠበቁት የሚባለውንም እዚያው ንገሪያቸው። የሕፃናት መጽሐፍ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ጋ አለ፤ ፊደሉ ትልቅ የሆነውን ምረጪ፣ አብዛኛው ለወላጅ የተጻፈ ነው።

አስተያየት፦ ወንድሜ፣ ቴሌግራም ላይ የተዘጋጀ ዕቅድ እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ክፍሌ 60 ተማሪ ነው፣ ዕቅዱን አውርጄ አስፈርማለሁ።

መልስ፦ ለማስፈረም ይሆናል፣ እኔም መማሪያ መጽሐፉንና የመምህሩን መምሪያ ከዚያው ነው ያወረድኩት። ያወረድኩት ዕቅድ ግን አንዴ «ተማሪዎችን ወደ ባሕር ዳርቻ ውሰድ» ብሎኝ ያውቃል። ጎርጎራ ልሂድ?

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፋሲል መዋኛን አልጠቀስክም?

መልስ፦ እሱን ሁለት ጊዜ ነው የምወስዳቸው። አንዴ ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ሳለ፣ አንዴ ጥር 11 ሊደርስ ሲል የቀሃ ወንዝ ውኃ ሲገባበት። ጠርዙ ላይ አታስቀምጪያቸው፤ አንድ ረዳት መምህር ከኋላ ይቁም።